የአምብሯዝ ቃል በፓትሰን አንደበት

ፖርት ቪላ፣ ሜይ 4 ቀን 1980

እትዬ ሮዛሊ፣

ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ ይድረስሽ። ለሁለት ደብዳቤሽ መልስ ያልሰጠሁት ንቄሽ አይደለም፤ ሥራ ውጦኝ ነው። አባባ በሕይወት ቢኖር «ሥራ ሰውን ይውጣል እንጂ እጁን አይውጥም፤ የሚጽፈው ደግሞ እጅህ ነው» ይለኝ ነበር። ልክ ነው። ይቅር በይኝ።

«እውነት አገር ልንሆን ነው ወይስ የወደብ ወሬ ነው?» ላልሽው፣ እውነት ነው። በጁላይ መጨረሻ እንግሊዝም ፈረንሳይም ባንዲራቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ። የእኔም ሥራ እዚያው ላይ ነው፤ ሕገ መንግሥቱን ደሴተኛው ሁሉ ወደሚግባባበት ቋንቋ፣ ወደ ቢስላማ እንመልሳለን። ጠረጴዛ ከበን በአንድ ቃል ስንጣላ እንውላለን። ትናንት «ሉዓላዊ» የሚለውን ምን እንበለው ተባለ። አንዱ «አለቃ የለብኝም በሉት» አለ። ሌላው «እንዲያ ካልነውማ ነገ ግብር የሚከፍል አናገኝም» ብሎ መለሰለት። እንባችን እስኪፈስ ሳቅን።

ታስቢዋለሽ እትዬ? ሁለት ጌታ፣ ሁለት ፖሊስ፣ ሁለት እስር ቤት የነበረው አገር! ሌባ እንኳ ሲያዝ «የፈረንሳዩ እስር ቤት ወጡ ይጣፍጣል፣ እዚያ ውሰዱኝ» የሚልበት አገር አሁን የራሱን ሕግ ይጽፋል። አባባ ማን እንደሚያሸንፍ ስላላወቀ እኛን እንደ ቦዬ ዘር ከፋፍሎ ነበር የተከለን፤ አንቺን ፈረንሳይኛ ለሚያስተምሩት መነኮሳት፣ እኔን ለእንግሊዙ ቄስ። እነሆ የእኔ መደብ በቀለ። የአንቺን ሳስብ ግን ደስታዬ ሙሉ አይሆንም።

ባለፈው የጠየቅሁሽን ዘለልሽው። ባልሽ አምብሯዝ «ሳንቶ ደሴት ለብቻዋ አገር ትሁን» ከሚሉት ጋር ገብቷል ይባላል። እሱ የሳንቶ ልጅ ነው፤ እንጀራውም ከፈረንሳዊው የኮኮናት እርሻ ነው፤ አይገባም አልልም። ግን ንገሪኝ። ለሥራዬ ብዬ አይደለም። ፊት ለፊት ብንሆን አልጠይቅሽም ነበር፤ በእኛ በኦባ ደሴት ወግ ወንድም ከእህቱ ጋር ተቀምጦ የትዳሯን ጉዳይ አያነሳም። ወረቀት ግን ወግ አያውቅም።

ወንድምሽ ፓትሰን


ካናል፣ ሳንቶ፣ ጁን 15 ቀን 1980

ወንድሜ ፓትሰን፣

እንዴት ሰነበትክ? ሳልህ ለቀቀህ? እኛ አለን። ይህን ወረቀት የምታደርስልህ ሲስተር በርናዴት ናት። መንግሥታችሁ ወደ ሳንቶ መርከብ እንዳይመጣ ስለከለከለ ፖስታ ቤቱ ዝግ ነው። እሷ ለሕክምና በሚሲዮኑ ጀልባ ስትወጣ ጸሎት መጽሐፏ ውስጥ ከትታዋለች። እግዜር ውለታዋን ይክፈላት።

«ከሌሎቹ ጋር ወደ ኦባ ለምን አልሸሸሽም?» ብለሃል። «ሳንቶ ለብቻዋ» ባዮቹ ከተማውን ከያዙ ወዲህ የኦባ ሰው ሁሉ ፍራሹንና ዶሮውን ተሸክሞ በጀልባ ሄዷል። ጎረቤቴ ኤልሲ እጄን እየጎተተች «ነይ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» ብላኛለች። እኔ ግን የማን ሚስት ነኝ? ካናል ብቀር ለኦባ ሰዎች ከሃዲ ነኝ፤ ኦባ ብሄድ ለአምብሯዝ ሰዎች ከሃዲ ነኝ። ከሃዲ መባሌ ካልቀረ በቤቴ ልባል ብዬ ቀረሁ።

አዎ፣ አምብሯዝ ገብቷል። አሁን ልብህ ዐረፈ? ቀስት ሰጥተውታል። ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ሰው ቀስት ይዞ የኅብረት ሱቁ በር ላይ ይውላል። «ምን ትጠብቃለህ?» ስለው «ሱቁ እንዳይዘረፍ ነው» አለኝ። «ማን እንዳይዘርፈው?» ስለው «የእኛዎቹ» አለኝ። ሳቄ መጣ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «የወንድምሽ መንግሥት የእንግሊዝኛ ተማሪዎች መንግሥት ነው። ሕጉን ሲጽፉ የእኛ አፍ የት ነበር?» አለኝ። መልሱን አንተ ካወቅህ ጻፍልኝ።

ሱቁ ግን ባለፈው ሳምንት ተቃጠለ። ስለዚያ ቀን ብዙ አትጠይቀኝ። አምብሯዝ ገና በቀትር ቤት መጣ፤ ቀስቱን አልያዘም። «የት ጣልከው?» ስለው «እዚያው» ብቻ አለኝ። የቀረበለትን ሳይነካ ተቀመጠ። ጭሱን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሱቁ ውስጥ የሚሸጠው ሽማግሌ ዕቃ አወጣለሁ ብሎ ሁለት እጁ ተቃጥሏል።

እኔ ደህና ነኝ። ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሸኛል፤ የውሃው ነው መሰለኝ።

እህትህ ሮዛሊ


ፖርት ቪላ፣ ኦገስት 3 ቀን 1980

እትዬ፣

«ባንዲራው ሲወጣ ጨፍረሃል?» ላልሽኝ፣ ጨፍሬአለሁ። መዋሸት እችል ነበር፤ ግን ሜዳው ላይ ያየኝ ሰው ብዙ ነው።

ባንዲራው ሲሰቀል አለቀስኩ። ሕጉ በቢስላማ ሲነበብ የመረጥናቸውን ቃላት ከድምፅ ማጉያው ሰማኋቸው፤ ኩራቴ ልክ አልነበረውም። ቫኑዋቱ ተብለናል፤ የራሳችን መሬት ማለት ነው። ከዚያ ከቦዬ የሚጋገረው ላፕላፕ በቅጠሉ ተጠቅልሎ ሲቀርብ፣ እናንተ ዘንድ ጨው እንኳ እንደጠፋ ትዝ አለኝ። እጄ ቆመ። ግን በላሁት እትዬ። እንዲያውም አስጨመርኩ። ይህን ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው የምነግርሽ።

አምብሯዝ የጠየቀሽን ለባልደረቦቼ አነሣሁት። «የእነሱ አፍ የት ነበር?» አልኳቸው። አንዱ «ወንበር አስቀምጠንላቸው ነበር፤ ራሳቸው ናቸው ያልመጡት» አለ። ሌላው አንገቱን ደፋ። እኔም ደፋሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የፓፑዋ ወታደሮች መንግሥታችንን ሊያግዙ ወደ ሳንቶ እየመጡ ነው። አምብሯዝ ከእናቱ መንደር ጫካ ገብቷል ካልሽኝ ወዲህ ልቤ አላረፈም። «ምን ይሻለዋል?» ለምትዪው፣ ይምጣ። በገዛ ፈቃዱ እጁን የሰጠ ሰው ስሙ ተመዝግቦ ወደ ቤቱ ይሸኛል። ከትልቅ ሰው ነው የሰማሁት። ቃሌን እሰጥሻለሁ፤ ምንም አይደርስበትም።

ፓትሰን


ካናል፣ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1980

ወንድሜ ፓትሰን፣

«አወረድሽው ወይ?» ብለህ ለጠየቅኸው፣ አውርጄዋለሁ።

ወታደሮቹ ከተማውን ከያዙ በኋላ ወደ እናቱ መንደር ወጣሁ። ወንዙ ሞልቶ ቀሚሴን እስከ ደረቴ አርሶብኛል። አምብሯዝ የጎደሬ መደብ ሲኮተኩት አገኘሁት፤ ጢሙ አድጎ ሽማግሌ መስሏል። ያልከውን ሁሉ ነገርኩት።

«ወንድምሽ ማን ሆኖ ነው ቃል የሚሰጠው?» አለኝ።

«መንግሥት ነዋ» አልኩት።

«መንግሥትማ ከሆነ አልመጣም። ወንድምሽ ከሆነ እመጣለሁ።»

«ወንድሜ ነው» አልኩት።

እናቱ «አይሄድም! እዚህ ማን ያገኘዋል?» ብላ ጮኸች። እኔ ነኝ የተከራከርኳት። «እስከ መቼ እንደ ጫካ አሳማ ይኖራል?» አልኳት። የሠርጉን ሸሚዝ አጥቤ በድንጋይ ላይ አድርቄ አለበስኩት፤ አብረን ወረድን። ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ አንዱ ልጅ እግር ፖሊስ «ለትንሽ ጊዜ ነው እማማ፣ እዚሁ ጠብቂ» አለኝ። እማማ አለኝ! ጠበቅሁ። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ። የማመጣውን ጎደሬ በአጥሩ ቀዳዳ ያቀብሉልኛል።

ሌላም አለ። ያን ጊዜ የውሃው ነው ያልኩህ የውሃው አልነበረም፤ አርግዣለሁ። አምብሯዝ እንኳ ገና ከጫካው ስንወርድ መንገድ ላይ ነው የሰማው። ቀድሜ ብነግርህ ለእኔ ብለህ አንድ ነገር ታደርጋለህ፣ ሥራህ ይበላሻል ብዬ ደበቅሁህ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አትቆጣ። ያ ትልቅ ሰው በእርግጥ እንዲህ ብሎሃል? ወይስ እንዲህ ቢሆን ብለህ ስለተመኘህ ነው?

ሮዛሊ


ፖርት ቪላ፣ ኦክቶበር 12 ቀን 1980

እትዬ፣

የጠየቅሽኝን ስገናኝሽ እመልስልሻለሁ። ለሥራ ወደ ካናል እየላኩኝ ነው። ምን ሥራ እንደሆነ አሁን አልነግርሽም። ማደሪያዬ ከባልደረቦቼ ጋር ስለሆነ ቤትሽ አልመጣም። መንገድ ላይ ብንገናኝ እንደማላውቅሽ ባልፍ ምክንያት አለኝ፤ ለአምብሯዝ ብዬ ነው። ለልጁ ጨርቅና የቆርቆሮ ወተት በሲስተር በርናዴት በኩል ይደርስሻል።

ፓትሰን


ካናል፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1980

ወንድሜ፣

«ፍርድ ቤቱ በር ላይ ለምን ፊትሽን አዞርሽብኝ?» ብለሃል። እንደማላውቅሽ ባልፍ ምክንያት አለኝ ያልከው አንተ ነህ። የታዘዝኩትን ነው ያደረግሁት።

ከኋላ፣ ከአምብሯዝ እናት አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ጫማ አድርገሃል። አምሮብሃል። አንተ ልታስተረጉም ገብተህ ከዳኛው ጎን ስትቆም አምብሯዝ ዞር ብሎ በዓይኑ ፈለገኝ፤ አገኘኝና ቅንድቡን አነሣልኝ። እናቱም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አየሽ፣ የገዛ ሰዋችን ነው የሚናገርለት። አንቺ ልክ ነበርሽ፤ እኔ ነኝ ሞኟ» አለችኝ። እጄን ይዛ አልለቀቀችኝም።

አራት ዓመት ተባለ። የተባለው ስላልገባት የአምብሯዝ እናት ተነሥታ ለዳኛው እጅ ነሣች። ውጭ ወጥተን ስነግራት ሣሩ ላይ ተቀመጠች። እስኪመሽ አላነሣናትም።

ከእሱ ጋር በሩ ላይ ይቆሙ የነበሩት ሌሎቹ ስድስት ስድስት ወር ነው ያገኙት። የእሱ ለምን በዛ? አንተ ታውቅ እንደሆነ ብዬ ነው። እኔ እንግሊዝኛ አልሰማም፤ የሰማሁት የድምፅህን መንቀጥቀጥ ብቻ ነው።

ወደ ቪላ እስር ቤት ይወስዱታል አሉ። አጠገብህ ነውና ሳሙና ውሰድለት። ቆሻሻ አይወድም።

ሮዛሊ


ፖርት ቪላ፣ ጃንዋሪ 18 ቀን 1981

እትዬ ሮዛሊ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ ለማለት እንኳ አፈርኩ። ሳሙናውን ወስጃለሁ፤ በየሳምንቱ እወስዳለሁ። ይህን ያህል ጊዜ ዝም ያልኩት አንዲቷን ጥያቄሽን መመለስ አቅቶኝ ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት አለቃዬ «ከተከሳሾቹ መካከል ዘመድ ያለው አለ?» ብሎ ጠየቀን። ዝም አልኩ። ለክፋት አልነበረም። እኔ ካልቆምኩለት ማን ይቆምለታል፣ ቃሉን አለሳልስለታለሁ ብዬ ነው። አምብሯዝ ገብቶ ሲያየኝ ፊቱ በራ። አሁን ይጠራኛል፣ አሁን አማቼ ይለኛል ብዬ ሞትኩ። አልጠራኝም። ገብቶታል።

ዳኛው «ሱቁን ሊያቃጥሉ ሲመጡ አንተ ምን አደረግህ?» አለው። አምብሯዝ በቢስላማ «ተውኳቸው» አለ። ቃሉን ታውቂዋለሽ። ትቻቸው ሄድኩ ማለት ነው፤ ያድርጉ ብዬ ፈቀድኩላቸው ማለትም ነው። እኔ ደግሞ ቀስቱን ጥሎ ቤቱ እንደገባ ከአንቺ ሰምቻለሁ። እንግሊዝኛው ግን ለሁለቱ ለየብቻ ቃል አለው፤ አንዱን መምረጥ ነበረብኝ። ከኋላዬ የቆመው ፖሊስ የኦባ ልጅ ነው፤ ዘመድነታችንን ያውቃል ብዬ ጠረጠርኩት። ባለሳልስለት ይነቃብኛል አልኩና «ፈቀድኩላቸው» ብዬ ተረጎምኩ።

ዳኛው ቀና ብሎ አየኝ። «እርግጠኛ ነህ?» አለኝ።

«እርግጠኛ ነኝ» አልኩ።

እትዬ፣ የሚገድለኝ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ድንጋጤ ነበር፤ ለሁለተኛው ጊዜ ተሰጥቶኝ ነበር። ለነገሩ ስለ ትልቁ ሰው የጠየቅሽኝም አለ። ትልቁ ሰው «እንደዚያ ይሆን ይሆናል» ነው ያለኝ። «ይሆናል»ን እኔ ነኝ የጣልኳት።

ሰኞ ወደ ፍርድ ቤቱ ሄጄ እናገራለሁ። ስድቡን ከዚያ በኋላ ጻፊልኝ።

ፓትሰን


ካናል፣ ማርች 8 ቀን 1981

ፓትሰን፣

መጀመሪያ ደስታውን ልንገርህ። ወልጃለሁ። ወንድ ነው፤ ጤነኛ ነው፤ ጆሮው የአባባ ነው። የአምብሯዝ እናት ናት ያዋለደችኝ።

«ብናገር ከሥራ እባረራለሁ፤ ከተባረርኩ ደግሞ አንቺንና ልጁን ማን ይረዳችኋል?» ብለህ ላክህብኝ። ሰኞ ያልከው ስንት ሰኞ አለፈ? እኔን ምክንያት አታድርገኝ። ወተቱን አቁም፤ ጡት አለኝ። ጨርቁንም አቁም።

አልሰድብህም። እሱን «ወንድሜ ነው» ብዬ ከጫካ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የምሰድብበት አፍ የለኝም።

ስሙን ግን ስማ። አምብሯዝ በእስር ቤቱ ቄስ በኩል እንዲህ ብሎ ልኮብኛል፦ «ወንድ ከሆነ ፓትሰን በይው። በየሳምንቱ እየመጣ የሚያየኝ እሱ ብቻ ነው። የእኔ ወንድሞች እንኳ አልመጡም።» ቄሱ ይህን ሲነግረኝ እናቱ አጠገቤ ነበረች፤ እልል አለች። ምን ልበል? ፓትሰን አልነው።

ሂድና ተናገር።

ሮዛሊ


ፖርት ቪላ፣ ኦገስት 9 ቀን 1981

እትዬ፣

ይህ ወረቀት ሳይደርስሽ አምብሯዝ ቤቱ ይገባ ይሆናል። የነፃነቱ አንደኛ ዓመት ሲከበር ለብዙዎቹ ምሕረት ተደረገ፤ የእሱም ስም አለበት።

«ሄደህ ተናገርክ ወይ?» ላልሽኝ፣ አልሄድኩም። አንድ ቀን በሩ ድረስ ሄጄ ጸሐፊው የለም ሲሉኝ ደስ አለኝ። ሌላ ቀን ዝናብ ነበር። ከዚያ ጉንፋን ያዘኝ። ከዚያ ደግሞ አዲስ ዳኛ ይመጣል ተባለ፤ ይሻላል ብዬ ጠበቅሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ምሕረቱ ቀደመኝ። ሬዲዮኑ ሲናገር ለአምብሯዝ ደስ አለኝ ብዬ ነበር። ቆይቼ ሳየው ደስታው ለራሴ ኖሯል።

ሲፈታ እስር ቤቱ በር ላይ ጠበቅሁት። ከስቷል፤ ሳቁ ግን ያው ነው። ገና ሲያየኝ «ያስፈታኸኝ አንተ ነህ!» አለ።

«እኔ አይደለሁም፤ ምሕረት ነው» አልኩት።

«አውቅሃለሁ እኮ። አንተ ያደረግኸውን አታወራም። ስንት በር አንኳኳህ በል?»

«አምብሯዝ...»

«ዝም በል። ልጄ በከንቱ አይደለም ስምህን የወሰደው» ብሎ አቀፈኝ። እኔም አቀፍኩት። ሸሚዙ እኔ የወሰድኩለትን ሳሙና ይሸት ነበር። የመርከብ ቲኬትና ሲጋራ ገዛሁለት፤ ወደቡ ላይ ቆሜ እጄን አውለበለብኩ።

አሁን ደስተኛ ነው። ልንገረው ወይስ ደስታውን አልንካበት? አንቺ ያልሽኝን አደርጋለሁ።

ፓትሰን


ካናል፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1981

ፓትሰን፣

አንቺ ያልሽኝን አደርጋለሁ ብለሃል። ያልኩህን አድርገህ ታውቃለህ?

ልጁ መጀመሪያ ፈራው፤ አሁን ጢሙን እየጎተተ ይስቃል። አምብሯዝም ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ «ይኸኛው የቪላው ፓትሰን ሞክሼ ነው፤ አማቼ ቆራጥ ሰው ነው» ማለት አበዛ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ሰማሁ። በሦስተኛው አልቻልኩም። ቦዬ እየላጥኩ ነገርኩት። የፍርድ ቤቱንም፣ የሰኞዎቹንም፣ ሁሉን።

የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ታዲያ በሩ ላይ ለምን አቀፈኝ?»

«ፈርቶ ነው» አልኩት።

«መጀመሪያም ፈራ፣ ኋላም ፈራ። ያን ሁሉ ትምህርት ሲማር የሚፈራው አልቀነሰም?» አለና ወጣ። ወደ ባሕሩ ሲሄድ አየሁት። ተመልሶ ሲመጣ ልጁን ከእጄ ተቀብሎ ታቀፈው። በስሙ ግን አልጠራውም። እስከ ዛሬ «ይሄ ልጅ» ነው የሚለው። እናቱ «ስሙን እንለውጥ» ብትል «ልጁ ምን አጠፋ?» ብሎ ተቆጣት።

አንተን በተመለከተ ያለው ይኸው ነው፤ ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ፦ «ይምጣ። ባዶ እጁን እንዳይመጣ፤ ጥርሱ የዞረ የካሳ አሳማ ይዞ ይምጣ። በወንዶች ቤት፣ አብረውኝ በታሰሩት ፊት፣ በገዛ አፉ ይናገር። ወረቀት አልፈልግም።»

ና። ካልመጣህ ግን ከእንግዲህ አትጻፍልኝ።

ሮዛሊ


ቴሌግራም፣ ከፖርት ቪላ፣ ኦክቶበር 19 ቀን 1981

ፍርድ ቤት ሄጄ ተናገርኩ። መዝገቡ ተዘግቷል አሉኝ። ሥራ የለኝም። ሐሙስ እደርሳለሁ። አሳማው አብሮኝ ነው። ፓትሰን


ካናል፣ ኖቬምበር 22 ቀን 1981

ወንድሜ ፓትሰን፣

እንዴት ነህ? የእንግሊዙ ቄስ ትምህርት ቤት ለማስተማር ወደ ኦባ እንደተመለስክ ሰማሁ፤ ደስ ብሎኛል። ልሸኝህ ወደብ ድረስ ስላልወረድኩ ይቅር በለኝ። ልጁን ምክንያት አደረግሁ እንጂ ልጁስ ተኝቶ ነበር። አልቅሼ እንዳላስለቅስህ ፈርቼ ነው።

በወንዶች ቤት ምን እንዳልክ አልሰማሁም፤ ሴት አይገባበትም። ከደጅ ሆኜ የሰማሁት የአሳማውን ጩኸት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ግን ረጅም ጸጥታ ነበር፤ ያ ጸጥታ የአንተ ንግግር እንደሆነ ገምቻለሁ። ስትወጡ ፊታችሁን አይቼ ማን እንደከበደውና ማን እንደቀለለው መለየት አቃተኝ።

«ከሄድኩ በኋላ ምን አለ?» ላልከው፣ መጀመሪያ ሥጋውን አከፋፈለ። ከእሱ ጋር ለታሰሩት ሁሉ በየቤታቸው ወሰደላቸው። ለእያንዳንዱ ሲሰጥ «ይህ ከመንግሥት ነው» ይላል። ሰው መሳቅ ጀመረ። አንዱ ሽማግሌ አኝኮ አኝኮ «መንግሥታችን ገና አልበሰለም፤ ግን ይበላል» አለ። እስከ ዛሬ ይህንኑ እያነሱ ይስቃሉ።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረገ። ጥሩውን ሥጋ አስቀርቶ፣ ሱቁ ውስጥ እጁ ወደ ተቃጠለው ሽማግሌ ሄደ። እኔም ልጁን ይዤ ተከተልኩት። ሽማግሌው ሲያየን አልተነሣም። «የት ነበርክ?» ብቻ አለው። አምብሯዝ «ቤቴ» አለ። «እኔ ስጠራህስ?» አለው ሽማግሌው። «መንገድ ላይ ነበርኩ፤ ሰምቻለሁ» አለ። ይህን እኔም አላውቅም ነበር፤ ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም። የሽማግሌው ጣቶች አይጨብጡም፤ አምብሯዝ ቁጭ ብሎ እየቆረሰ አጎረሰው። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው በላ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለውም። ስንወጣ ግን «ነገም ና» አለው። አሁን ጠዋት ጠዋት ይሄዳል።

መንገድ ላይ «ወንድምሽ ቃሉን ሳተ እንጂ ነገሩን ብዙ አልሳተም፤ በር ጠባቂ ሆኜ ሄድኩ» አለኝ። አንተን ነፃ ለማውጣት ብሎ አይመስለኝም። ለራሱ ነው የተናገረው። ግን ልጽፍልህ ይገባኛል ብዬ ነው።

አሁን የእኔን ልንገርህ፤ ከአንተ ሌላ የምነግረው የለኝም። አንተ አሳማ ይዘህ መጣህ። እሱ ሥጋ ይዞ ወደ ሽማግሌው ሄደ። ከጫካ ያወረድኩት፣ እናቱን የተከራከርኩት፣ ሸሚዙን ያለበስኩት ግን እኔ ነኝ። ሚስት ለባሏ የምትከፍለው ካሳ ምን እንደሆነ የእኛንም የሳንቶንም አሮጊቶች ጠየቅሁ። የለም አሉኝ። አንዷማ «ልጅ ወልደሽለት የለ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

አሳማ የወንድ ሀብት ነው፤ የእኛ የኦባ ሴቶች ሀብት ሰሌን ነው፣ እሱን መሥራት ጀምሬአለሁ። ረጅም ነው፤ ጫፍና ጫፉን ቀይ እነክረዋለሁ። ትናንት አምብሯዝ አጠገቤ ተቀምጦ ቅጠሉን እየሰነጠቀ ሲያቀብለኝ «ይህን ያህል የሚያምር ለማን ነው?» አለኝ።

«ለገበያ» አልኩት።

ሮዛሊ